የጆሮ መሸፈኛው አሪፍ ነው፤ ቲነሩን ግን አያስቀርም

ባሕር ዳር አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ቁምሳጥንና አልጋ ላይ በቲነር የቀጠነ ቀለም እረጫለሁ። በአንድ ጎኔ መሰንጠቂያ ማሽን፣ ከኋላዬ ኮምፕሬሰር። ከሦስት ወር በፊት ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካለ ሱቅ ያን ሄድፎን የሚመስለውን የጆሮ መሸፈኛ በ900 ብር ገዛሁ።

ይሠራል። ድሮ ማታ ጆሮዬ ጭው ሲል "ማን እያማኝ ይሆን?" እያልኩ እቀልድ ነበር፤ አሁን ቀንሶልኛል። በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ድምፅ ውስጥ መዋል የሚመከረው ቢበዛ ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። እኛ ጋ ማሽኑ ሲነሳ አጠገብህ ላለው ሰው ካልጮህክ አይሰማህም፤ ከዚህ በላይ ምን መለኪያ ያስፈልጋል?

ያናደደኝ ነገር፣ መነጽር ሳደርግ በዘንጉ በኩል ክፍተት ይተዋል፤ ድምፁም በዚያች ቀዳዳ ዘው ነው። በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ስፖንጁ በላብ ይርሳል፤ ቆዳውም ከወዲሁ መላጥ ጀምሯል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ጆሮዬን ልመረመር ሄጄ ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን ተባልኩ፤ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ባለሙያዋ ስለ ማሽኑ ከጠየቀችኝ በኋላ "ቲነርስ ትጠቀማለህ?" አለችኝ። ለካ ቲነር ውስጥ የሚኖረው ቶሉይን የሚባል ኬሚካል በትንፋሽ ገብቶ በደም አድርጎ የውስጥ ጆሮን ይጎዳል፤ ጩኸት ሲጨመርበት ይብሳል፤ እዚያ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች ደግሞ አንዴ ከሞቱ ሌላ አይበቅልም። እኔ ደግሞ ለአምስት ዓመት ማታ ማታ ወተት እየጠጣሁ "ታጠበ" እል ነበር! እጄንም የማጸዳው በዚያው በቲነር ነው፤ እሱም በቆዳ ይገባል።

ሱቁ ተመልሼ የቲነር ማስክ ስል ልጁ የኮቪዱን ሰማያዊ ማስክ አውጥቶ "ወንድሜ፣ ይሄም ያው ነው" አለኝ። ያው አይደለም። እሱ ትነት አይዝም፤ በጎንና በጎን የከሰል ማጣሪያ የሚገጠምለት ነው የሚያስፈልገው። እኔ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ከመሸፈኛው በእጥፍ ይወደዳል።

መሸፈኛውን ግዙት። መነጽር የምታደርጉ ግን ስፖንጅ የጆሮ መድፈኛውን ውሰዱ። በጣት አሽታችሁ ታቀጥኑታላችሁ፣ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስባችሁ ታስገቡታላችሁ፣ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዝ ማድረግ ነው። በቀለም እጅ ብቻ እንዳትነኩት።