ከ9 ወር ጉዞ በኋላ፦ ወደ ፋብሪካ ይዞታው የመለስኩት ሆንዳ ሲቢ 350

ይህን ሞተር ሳይክል ቤቴ ውስጥ ባለች ጠባብ መሥሪያ ቦታ ፈትቼ መልሼ ለመግጠም 14 ወር ፈጅቶብኛል። ሥራው ካለቀ ወዲህ ደግሞ 9 ወር ነድቼው 4,600 ኪሎ ሜትር ተጉዤበታለሁ። ስለ አሮጌ ሞተር እድሳት የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ቀለሙ አብረቅርቆ ፎቶግራፍ በተነሣበት ቀን ላይ ያበቃል። የቤት ውስጥ ሥራ ደህንነቱ የሚለየው ግን ዝናብ ሲመታው፣ ለሳምንታት ቆሞ እንደገና ሲነሣ፣ ረጅም ዳገት በሙቀት ሲወጣ ስለሆነ፣ ይህን ግምገማ ለመጻፍ ሆን ብዬ ቆይቻለሁ።

ሲቢ 350 እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 የተመረተ ሲሆን፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮች፣ 325 ሲሲ ይዘት እና 5 ማርሽ አለው። የሲሊንደሩ ስፋት 64 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ ደግሞ 50.6 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ሞተሩ ከፍተኛ ዙር የሚወድ ነው፤ 36 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠውም በደቂቃ 10,500 ዙር ላይ ሲደርስ ነው። አንዱ ፒስተን ሲወጣ ሌላው ስለሚወርድ የማርሚታው ድምፅ እኩል የማይመታ፣ አንዴ ካወቁት የማይረሳ ድምፅ ነው። የእኔው በ1971 የተሠራ ነው። ወደ እጄ ሲገባ የሻሲውና የሞተሩ ቁጥር አለመመሳሰሉ አሳስቦኝ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሆንዳዎች ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ እንጂ አንድ ዓይነት መሆን እንደማይጠበቅባቸው የተረዳሁት በኋላ ነው።

ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ሞተሩን በየተራ «አሻሽለውታል»። በግራና በቀኝ የነበሩት የአየር ማጣሪያ ቤቶች ተጥለው በየካርቡረተሩ አፍ ላይ ሾጣጣ የስፖንጅ ፊልትሮ ታስሮበታል፤ ማርሚታዎቹ ተቆርጠዋል፤ የኋላው ፓራፋንጎ አጥሯል፤ የመታጠፊያ መብራቶቹ ተነቅለው ገመዶቻቸው በፕላስተር ተጠቅልለው ቀርተዋል። መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ እንዳለ ትቼ ሞተሩን ብቻ ለማስነሣት ነበር ያሰብኩት። ወደ ፋብሪካው ይዞታ ለመመለስ የወሰንኩት ለጥንታዊነቱ ካለኝ ፍቅር የተነሣ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ከካርቡረተር ጋር ታግዬ ስሸነፍ፣ የችግሩ ሁሉ ምንጭ እድሜ ሳይሆን ማሻሻያው መሆኑ ስለገባኝ ነው።

ይህ ነጥብ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። በዚህ ሞተር ካርቡረተር ውስጥ የነዳጅ መስጫው እጀታ በቀጥታ የሚያዘው የአየር መዝጊያውን ብቻ ነው። ነዳጁን የሚለካው መርፌ የተሰካበት ተንሸራታች ክፍል የሚነሣው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ሲሆን፣ ያንን ልዩነት የሚይዘው ከላይ ያለ ስስ የጎማ ሽፋን ነው። እንግዲህ ወደ ካርቡረተሩ የሚገባው አየር የተረጋጋ ካልሆነ ተንሸራታቹ በሚፈለገው ልክ አይነሣም፣ ከተነሣም ይንቀጠቀጣል። ሾጣጣዎቹ ፊልትሮዎች የሚያበላሹት ይህንኑ መረጋጋት ነው። ቀድሞ የነበረ አንድ ባለቤት ነዳጅ ያነሰው መስሎት ዋናዎቹን ጄቶች (ነዳጁ የሚያልፍባቸውን ትናንሽ ቀዳዳ ያላቸው ክፍሎች) በሰፋፊ ተክቷቸው ነበር፤ ውጤቱም በከፍተኛ ዙር ጥቁር ጭስ፣ ከ4,000 እስከ 6,000 ዙር ባለው መካከል ደግሞ ሞተሩ የሚያቃስትበትና ኃይል የሚያጣበት ጉድጓድ ነበር። እኔም ይህን ጉድጓድ ለመሙላት መርፌ ለወጥኩ፣ ጄት ለወጥኩ፣ ካንዴላ እየነቀልኩ ቀለሙን መረመርኩ፤ አንዱን ጫፍ ሳስተካክል ሌላው ይፈርሳል።

በመጨረሻ ተመሳሳይ ሞዴል ፈትቶ ከሚሸጥ ሰው ያገለገሉ የአየር ማጣሪያ ቤቶችን አገኘሁ። ማገናኛ ጎማዎቻቸው እንደ ቀንድ ደርቀው ስለነበር በሙቅ ውሃ አለስልሼ ገጠምኳቸው፤ መደበኛ መጠን ያላቸውን ጄቶችም መለስኩ። ያ ጉድጓድ በዚያው ቀን ጠፋ። ባለፉት 9 ወራት አንድ ጊዜም አልተመለሰም። እንዲህ ያለ ሞተር የገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የተጣሉትን የአየር ቤቶች ይፈልግ እላለሁ፤ ከክሮሙም ከቀለሙም ይልቅ ዋጋ የሚሰጠኝ ያ ግኝት ነው።

የጎማ ሽፋኖቹን ሳይመረምሩ ካርቡረተሩን መልሶ መግጠምም አይገባም። ተንሸራታቹን በጣት ወደ ላይ አንሥቶ በካርቡረተሩ አፍ በኩል ያለችውን የአየር ቀዳዳ ከደፈኑ በኋላ መልቀቅ ነው፤ ሽፋኑ ጤነኛ ከሆነ ተንሸራታቹ በዝግታ ይወርዳል፣ ከተቀደደ ግን ዱብ ይላል። የእኔ የቀኙ ዱብ አለ።

ስለ ቪቴዎች አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በጃፓን ሞተሮች ላይ ያሉት ባለመስቀል ቪቴዎች በጃፓን የኢንዱስትሪ መለኪያ የተሠሩ ናቸው፤ የተለመደው ባለመስቀል ካቻቪቴ የሚገባባቸው ይመስላል እንጂ አይሞላቸውም፣ ሲያጠብቁትም ራሱን እየገፋ ይወጣና መስቀሉን ይበላዋል። በሞተሩ ሽፋኖች ላይ ያገኘኋቸው የተበሉ ራሶች ሁሉ የዚህ ውጤት ነበሩ። ትክክለኛውን ካቻቪቴና በመዶሻ እየተመታ የሚያዞረውን መፍቻ ከያዝኩ በኋላ አንድም ቪቴ አልተበላሸብኝም። ቀደም ብዬ በችኮላ ካበላሸኋቸው ሁለቱ ግን አንዱ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ስለወጣ በቦታው የብረት ጥርስ ማስገባት ግድ ሆኖብኛል፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

የሞተሩ የታችኛው ክፍል ጤነኛ ስለነበር አልከፈትኩትም። ይህ ሞተር የሚጣል የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ በምትኩ በቀኝ በኩል፣ ከሽፋኑ ሥር፣ በሽክርክሪት ኃይል ቆሻሻውን ወደ ግድግዳው የሚለጥፍ ጽዋ አለ። ስከፍተው ውስጡ እንደ ጭቃ በጠጠረ ዝቃጭ ተሞልቶ ነበር። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት የሚሽከረከረው ኩሽኔታ በሌለው የአሉሚኒየም ቤት ውስጥ በመሆኑ ዘይት ሲያጣ የሚጎዳው በቅድሚያ እሱ ነው፤ ስለዚህ ዘይቱን በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ፍሪሲዮኑም በዚሁ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ፣ መንሸራተት የሚያመጣ ቅመም ያለበትን የመኪና ዘይት አልጠቀምም።

የቫልቭ ክፍተት ለማስገቢያው 0.05 ሚሊ ሜትር፣ ለማስወጫው 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ማስተካከያው የተለመደው ቪቴና ዳዶ አይደለም፤ የቫልቭ መጫኛው ክንድ የሚዞርበት ዘንግ ራሱ መሐሉን ስለሳተ፣ እሱን በማዞር ክንዱ ከፍ ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ ዘንጉ አንድ ዓይነት ክፍተት በሁለት የተለያዩ አቅጣጫዎች ሊሰጥ ስለሚችል፣ በጫፉ ላይ ያለው ምልክት በአምራቹ መመሪያ ወደታዘዘው ወገን ማየቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በእኔ ሞተር ላይ ከአራቱ አንዱ በተቃራኒው ዞሮ ነበር ያገኘሁት።

የነዳጅ ታንኩን ዝገት ያወጣሁት በኤሌክትሪክ ነው። ውሃ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በመጠኑ አሟሙቼ ታንኩን ሞላሁት፤ የባትሪ መሙያውን ነጌቲቭ ከታንኩ፣ ፖዘቲቩን ደግሞ ታንኩን እንዳይነካ ተደርጎ ከተንጠለጠለ ተራ ብረት ጋር አገናኘሁ። የማይዝግ ብረት ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፣ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ይፈጥራልና፤ ከውሃው የሚወጣው ሃይድሮጅንም ስለሚቀጣጠል ሥራው አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ መሠራት አለበት። ዘዴው በደንብ ሠርቷል፤ የእኔ ስሕተት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታንኩን አጥቤ ስጨርስ ወዲያው አላደረቅሁትም፤ በአንድ ሌሊት ውስጥ በስፌቱ አካባቢ ስስ ዝገት ዳግም ተነሣ፤ እኔም ቀላል ነው ብዬ አለፍኩት።

ቀለሙ ከጠበቅሁት በላይ አድካሚ ነበር። የመጀመሪያው ቀለም ከሥር ብርማ፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም ሽፋን ያለው ዓይነት ስለሆነ፣ ሽፋኑ በተደረበ ቁጥር ይጠቁራል። ታንኩንና የጎን ሽፋኖቹን በተለያየ ቀን በመቀባቴ አንዱ ከሌላው ጠቆረ፤ እንደገና አራግፌ ሦስቱንም ጎን ለጎን ሰቅዬ በእኩል ድርብ ቀባኋቸው። ከመቀመጫው ሥር ፀሐይ ያልነካችው የአሮጌው ቀለም ቅሪት ለማመሳከሪያ በጣም ረድቶኛል፤ ይህን ሳያስተውሉ መፋቅ ትልቅ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ 9 ወሩ ልምምድ ልምጣ። በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን እያቋረጠ ብልጭታውን የሚያስነሣው ክፍል) ሽፋን በኩል ዘይት ማዠት ጀመረ፤ መንሥኤው የቆየ ጓርኒሲዮን መልሼ መጠቀሜ ነበር። 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የቀኙ ሲሊንደር በሚኒሞ መጥፋት ጀመረ፤ ካርቡረተሩን ስከፍት ያ የናቅሁት የታንክ ዝገት ዱቄት ሆኖ ትንሿን ጄት ደፍኖ አገኘሁት። ታንኩን እንደገና አጽድቼ፣ በዚህ ጊዜ ወዲያው በሞቀ አየር አድርቄ፣ ውስጡን በስስ ዘይት ካለበስኩ በኋላ ችግሩ አልተደገመም።

ሦስተኛው ችግር የበለጠ አስተምሮኛል። ይህ ሞተር ለየሲሊንደሩ የራሱ ፑንቲናና የራሱ ቦቢና አለው፤ ክፍተቱም ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የገዛሁት አዲስ ቅጂ ፑንቲና ግን በካሙ ላይ የሚንሸራተተው እግሩ ለስላሳ ስለነበር በ800 ኪሎ ሜትር ውስጥ ተበልቶ ክፍተቱን አጠበበው፤ የግራው የብልጭታ ጊዜም ዘገየ። የድሮውን ፑንቲና ከሣጥን አውጥቼ ፊቱን አስተካክዬ፣ ካሙን የሚያለሰልሰውን የሱፍ ጨርቅ በጥቂት ግሪስ አርሼ መልሼ ገጠምኩት። ከዚያ ወዲህ 2,700 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ክፍተቱ እምብዛም አልተለወጠም። በእጅ ያለ ኦሪጂናል ዕቃ መጠገን ከተቻለ፣ ማሸጊያው ያማረ አዲስ ቅጂ አይተካው።

በሁሉም ነገር ግን ለፋብሪካው ይዞታ ታማኝ አልሆንኩም። ጎማዎቹ በመጠን የድሮዎቹ ናቸው፣ ከፊት 3.00 በ18፣ ከኋላ 3.50 በ18፤ ላስቲኩ ግን የዛሬ ነው፣ ያረጀ ጎማ ለእይታ ብሎ መንዳት በሕይወት መቀለድ ስለሆነ። የኤሌክትሪክ ማስተካከያውንም በአዲስ ዓይነት ተክቼ ከማይታይበት ቦታ ደብቄዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ ጀነሬተሩ የዘመኑ መጠን ያለው ስለሆነ መብራት አብርቶ በዝቅተኛ ዙር ለረጅም ጊዜ መቆም ባትሪውን ያደክማል፤ በከተማ ትራፊክ ብቻ የሚነዳ ሰው ባትሪውን በየጊዜው ከውጭ መሙላት ይኖርበታል።

የፊቱ የታምቡር ፍሬን ሁለት መሪ ሸራዎች፣ ማለትም በታምቡሩ መዞር እየተሳቡ ራሳቸውን የሚያጠብቁ ሸራዎች፣ አሉት። ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘው ዘንግ ርዝመቱ በትክክል ካልተስተካከለ አንዱ ሸራ ብቻ ይሠራል፤ እኔም ለ3 ወር እንዲሁ ስነዳ ቆይቼ «የድሮ ፍሬን እንዲህ ነው» ብዬ ተቀብዬው ነበር። ዘንጉን ካስተካከልኩ በኋላ ግን ፍሬኑ ሌላ ሆነ። በዝናብ የመጀመሪያው ንክኪ አሁንም ደካማ ስለሆነ ርቀት መጠበቅ ግድ ነው። ታምቡሩን የሚከፍት ሰው አቧራውን በአየር እንዳይነፋው፣ በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠርገው አሳስባለሁ፤ በዚያ ዘመን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ይገኝ ነበርና።

በነዳጅ፣ በአነሣስና በማርሽ አገባብ በኩል ቅሬታ የለኝም። ሲቀዘቅዝ በሁለተኛው ምት ይነሣል፤ ከ6,000 ዙር በላይ ሲዘረጋም የ325 ሲሲ ሞተር መሆኑን ያስረሳል። ያልተፈታው ነገር የግራው ማርሚታ ነው፦ ቅጂው ክሮም በ7ኛው ወር ከስፌቱ ሥር መዛግ ጀምሯል፤ ኦሪጂናሉ ደግሞ ያን ጊዜ በመጋዝ ተቆርጧል። ያልተቆረጠ ጥንድ እስካገኝ ድረስ ስፌቱን በየሳምንቱ እያጸዳሁ በሰም እየሸፈንኩት ነው።