ሀዋሳ ሐይቅ የጠዋት የወፍ ጉብኝት፦ ወፉ ጥሩ ነው ቀንድ አውጣው ግን ይበልጣል

አሞራ ገደል አካባቢ ከሚሰሩት ጋይዶች አንዱን ይዘን ነው የወጣነው፣ የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን አልጽፍም። የወፍ ጉብኝት ይባላል እንጂ ልጁ ወፉን ከውሃ ቀንድ አውጣ ጋር እያወዳደረ ነው የሚያስረዳው፣ መጀመሪያ ምን ነካው ብዬ ነበር።

ወፉ ያው ደንገሉ ላይ ጎጆ የሚሰራው ቢጫው ነው። ለኔ ድምፁ ጫጫታ ነው፣ ግን በዘሩ ከዘማሪ ወፎች ወገን ነው አለን፣ ድምፁንም የሚያወጣው የአየር ቧንቧው ወደ ሳንባ ከሚከፈልበት ቦታ ነው። ወንዱ ጎጆውን ይሰራል ሴቷ መጥታ ትፈትሻለች፣ ካልወደደችው አፍርሶ እንደገና ይጀምራል (ምስኪን)።

ቀንድ አውጣው ጋ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፣ ወንድም ሴትም ራሱ ነው፣ አጣማሪ ካጣ ብቻውን ይራባል። ውሃ ውስጥ እየኖረ የሚተነፍሰው በሳንባ ነው፣ ደሙም እንደ ወፉ ቀይ ነው። ሰውነቱ ግን ውሃው ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል፣ ወፉ ብርድ ሆነ ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ጓንት አድርጎ በወንፊት አወጣና ነጭ ሳህን ላይ አሳየን፣ ጠፍጣፋ ጥቅልል፣ የጥፍር ያህል። የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድገው ይሄ ነው፣ የትሉ እንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ውሃ ይገባል ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይባዛል፣ ከዛ ቀን ፀሐይ ሲሆን ወደ ውሃው ይወጣና የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አንድ እናት ደንግጠው "ልጄ ትናንት በእጁ ይዞት ነበር እኮ" ሲሉ "መያዙ አይደለም እናቴ ውሃው ነው ችግሩ፣ ገብቶ ከነበረ ጤና ጣቢያ ያስመርምሩት መድኃኒት አለው" አላቸው። የኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክም ነገረን፣ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው እንዶድ እንደሚገድላቸው ያወቁት።

ጀልባው ግን አናደደኝ። ሞተሩን ሳያጠፋ ደንገሉ ጋ ተጠግቶ ወፎቹን በሙሉ አስነሳቸው፣ ላይፍ ጃኬቱም ለሁላችን አልበቃም። ለማስረዳቱ 5 ከ5፣ ለጀልባው 2። ዋጋ ሳትነሱ ተነጋገሩ፣ ቦቲ ጫማ ያዙ፣ እኔ ብሆን ጀልባውን ትቼ በዳር በዳር በእግር አስጎብኘኝ ነው የምለው።