«ሞተሩ ይውረድ» ከተባለ በኋላ፦ ፒክአፔን ሳይፈቱ ላዳመጡልኝ መካኒክ ምስጋና

ምስጋናዬ ለአንድ አንጋፋ መካኒክ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ «ጻፍ፣ ስሜን ግን ተወው፤ ያለኝም ሥራ አላስተኛኝም» ብለውኛል። በቅርብ የምታውቁኝ ጠይቁኝ፣ ይዣችሁ እሄዳለሁ። የማታውቁኝ ደግሞ አሠራራቸውን አንብባችሁ እሳቸውን የመሰለ ሰው ፈልጉ።

ፒክአፔ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ካርቡራተር ያለው የቤንዚን መኪና ነው። አርጅቷል፤ ግን ጭነት ይጭናል፣ ኮረኮንች ይመላለሳል፣ አስቸግሮኝ አያውቅም። ከጥቂት ወራት በፊት መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ «ጠ ጠ ጠ» ይል ነበር። ቀጥሎ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ሲዞር) ሲሆን ከበድ ያለ «ዷ… ዷ… ዷ» መጣ። ጭነት ይዤ ዳገት ላይ ቤንዚን ስሰጠው ደግሞ ጠጠር በጣሳ ውስጥ የሚያንገጫግጩ ይመስላል። እኔ ግን ሦስቱንም ጠቅልዬ «ሞተሩ ይጮሃል» ነበር የምለው። ኋላ እንደገባኝ ግማሹ ችግር እዚያ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኩት ጋራዥ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ኮፈኑን ከፍተው ሁለት ጊዜ ቤንዚን ሰጡና ፈረዱ፦ «ብሮንዚና ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ሪቲፊካ ይገባል።» ብሮንዚና የሚባለው የውስጥ ማቀፊያ ተበልቷል፣ ሞተሩ ተፈትቶ ይሞረዳል ማለታቸው ነው። የጠሩት ገንዘብ መኪናውን ሽጦ ሌላ መግዛት የሚያስመኝ ነበር። አንድ ወዳጄ ደግሞ «ወፍራም ዘይት አድርግበት፣ ዝም ይላል» አለኝ። አደረግሁ። እውነትም ለሳምንት ያህል ዝም ያለ መሰለኝ፤ ከዚያ ዷው ተመለሰ።

ጋሼ ጋ (አንጋፋውን መካኒክ የምጠራቸው እንዲህ ነው) የሄድኩት ሁለተኛ ሰው እንዲያረጋግጥልኝ ብዬ እንጂ ተስፋ ኖሮኝ አልነበረም። ኮፈኑን ለመክፈት ስነሳ «ቆይ ልጄ» አሉና ወንበር ሰጡኝ። ከዚያ ጥያቄ ብቻ ሆነ። ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ቤንዚን ስትሰጠው ድምጹ ይፈጥናል ወይስ እንዳለ ነው? ጭነት ላይ ይብሳል? ፍሪሲዮን ስትረግጥ ይለወጣል? ቆሞ ነው ወይስ ሲሄድ ብቻ? ዘይት መቼ፣ ምን ዓይነት ቀየርክ? መጨረሻ የነካው ማን ነው፣ ምን ነካ? መልሴን በካርቶን ቁራጭ ላይ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ ካርቶኑን አሳዩኝ፤ በሦስት ተከፍሏል። «አንድ ጩኸት አይደለም ያመጣህልኝ፣ ሦስት ነው። ሦስቱን አንድ በሽታ ስታደርጋቸው ነው ሞተር የሚወርደው።»

መኪናውንም እዚያው አሳደሩት። ሞቆ የመጣ ሞተር የጠዋቱን ድምጽ አይሰጥም፤ ሙሉ ሌሊት መቀዝቀዝ አለበት። ለቸኮለ ሰው ይህ ያናድዳል፣ እኔም ተናድጄ ነበር።

በማግስቱ እኔ ሳልደርስ አላስነሱትም። ቁልፉን አዞርኩ፣ «ጠ ጠ ጠ» ጀመረ። እኔ የቫልቭ ክፍተት ነው ብዬ ገምቼ ነበር፤ ቫልቮቹ ጠበቅ ይደረጉ ያለኝ ሰውም ነበር። ጋሼ በጭስ መውጫው ማኒፎልድ በኩል መዳፋቸውን ሳያስነኩ አንቀሳቀሱና 4ኛው ሲሊንደር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የእኔንም እጅ ወስደው አቀረቡት፤ ትንንሽ የትንፋሽ ምት ይመታል። ባትሪ ሲያበሩበት በጓርኒሲዮኑ (በሁለት ብረት መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ጠርዝ ላይ ጥቁር ጥላሸት ተጋግሯል፣ ከዳር ያለው ቡሎን ራሱ ተበጥሷል። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ብረቱ ይለጠጥና ክፍተቱ ይዘጋል፣ ድምጹም ይጠፋል። የቫልቭ ክፍተት ድምጽ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ በደቂቃዎች ውስጥ ጨርሶ አይጠፋም። ለእርግጠኝነት ቫልቮቹንም ለኩ፤ ለእኔ ሞተር ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው፣ ከአንዱ በስተቀር ልክ ነበሩ። ድምጽ ለማጥፋት ብሎ ቫልቭ ማጥበቅን አጥብቀው ይቃወማሉ። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው በመቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ነው፤ ከልኩ በላይ ከጠበቀ አያርፍም፣ ይቃጠላል። ዝም ያለ ሞተር ይዘህ ትሄድና ከወራት በኋላ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ታስወርዳለህ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ቤት ውስጥ ራስ ምታት የሚል ሰው አለ?» ደነገጥሁ። ልጄ መኪናው ውስጥ ራሱን እንደሚያመው ሲናገር ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው እያልኩ እቆጣው ነበር። በማኒፎልድ የሚያመልጠው ጭስ በነፋስ መሳቢያው ገብቶ ወደ ሰው ይደርሳል፤ ውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሁሉ ቀላል ያልኩት ድምጽ ከሁሉ አደገኛው ሆኖ ተገኘ። ልጄን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

አሁን ወደ ዷው እንምጣ፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ብሮንዚና ማለት በቢዬላው (ፒስተኑን በሚይዘው ዘንግ) እና በክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) መካከል ያለው ለስላሳ ልባስ ያለው ማቀፊያ ነው፤ ሲበላ ቢዬላው ቦታ አግኝቶ ያንኳኳል፣ ከቆየም ሞተሩን ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ፍርሃቱ ሐሰት አልነበረም። ጋሼም «አይደለም» ብለው አልጀመሩም። መጀመሪያ ያን ወፍራም ዘይት አስወገዱ፤ እሱ እያለ የሚለካ የዘይት ግፊት ይሸነግላል ብለው። ፊልትሮውን ቆርጠው ወረቀቱን ጨመቁ፣ ማግኔት አስጠጉበት። ማግኔቱ ባዶ ቢሆንም አልረኩም፤ ማግኔት የሚስበው ብረትን ነው፣ የብሮንዚና ልባስ የሚሠራበት እርሳስ፣ መዳብና አሉሚኒየም አይሳብም። ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርግተው የሚያብለጨልጭ ነገር ፈለጉ። የለም።

ልኩን ዘይት ሞልተው ከሞቀ በኋላ በዘይት መብራቱ አነፍናፊ ቦታ የግፊት ሰዓት ገጠሙ። ሚኒሞ ላይ 18 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ በ3000 ዙር 50 ገደማ። የሚጠቀሙበት የድሮ ሂሳብ በየ1000 ዙሩ ቢያንስ 10 ፒኤስአይ የሚል ነው፤ አልፏል። ቀጥሎ የካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የምትለኩሰው) ገመዶችን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ ጫፉን ከሞተሩ አካል ጋር እያገናኙ አዳመጡ። የአንዱ ሲሊንደር ብሮንዚና ከሆነ የዚያ ሲሊንደር ቃጠሎ ሲቆም ጫናው ስለሚቀንስ ማንኳኳቱ ይለወጣል ወይም ይደክማል። በአራቱም ዷው ንቅንቅ አላለም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የታይሚንግ መብራቱን ነው። መብራቱ በ1ኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ ይቆነጠጣል፣ ካንዴላዋ በተኮሰች ቁጥር ብልጭ ይላል። አንዲት ካንዴላ የምትተኩሰው ክራንክሻፍቱ 2 ጊዜ ሲዞር አንዴ ነው፤ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍትም በዚያው 2 ዙር 1 ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ «ብልጭታውን እያየህ ዷውን ቁጠር» አሉኝ። በአንድ ብልጭታ አንድ ዷ። ሁለት ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ታች፣ ወደ ክራንክሻፍቱ ይሆን ነበር፤ አንድ ስለሆነ ጥርጣሬው ወደ ካምሻፍቱና እሱ ወደሚነዳቸው ነገሮች ዞረ። ይህንን በራሴ ዓይንና ጆሮ ቆጥሬ ሳገኘው ለሳምንታት ያዘኝ ፍርሃት ሲለቀኝ ተሰማኝ።

ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አነሱ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ሥር። (ይህን ስትሞክሩ ከቬንትሌተሩና ከቺንጋው ራቁ፤ እሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ነው የሚጠጉት።) ድምጹ የጎላው የቤንዚን ፖምፓው ላይ ነበር። የብዙ ድሮ መኪና የቤንዚን ፖምፓ በኤሌክትሪክ አይደለም የሚሠራው፤ ካምሻፍቱ ላይ ያለ ጉብታ የፖምፓውን ክንድ ይገፋል፣ ሞላ ይመልሰዋል። ሞላው ሲደክምና የክንዱ ፒን ሲበላ ክንዱ ከጉብታው ይላቀቅና ተመልሶ ይመታል። ዷ።

«ድምጽ በብረት ውስጥ ይሄዳል፣ እዚህ ጎላ ማለት እዚህ ነው ማለት አይደለም» ብለው ግን ፖምፓውን አልገዙም። የእሳት ማጥፊያውን አጠገባቸው አድርገው፣ ፖምፓውን ፈትተው አወጡ፣ ቀዳዳውን በጠፍጣፋ ብረት ከደኑ፣ የቤንዚኑን ቱቦ ደፈኑ። ሞተሩን ካርቡራተሩ ውስጥ በቀረችው ቤንዚን ብቻ አስነሱት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ጠፋ። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ዷ የሚባል ነገር የለም። ሞተር ይውረድ የተባለበት በሽታ በሁለት ቡሎን የሚታሰር ዕቃ ነበር! ከተጠየቅኩት ገንዘብ ሩቡን ሳልከፍል ሁሉም አለቀ።

የዳገቱ ጠጠር ብዙ አላስለፋም። ዲስትሪቢዩተሩን (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ሰው አዙሮት ኖሮ ካንዴላዎቹ ከልክ በላይ ቀድመው ይተኩሱ ነበር፤ በመብራቱ ወደ ልኩ መለሱት። ይህም ችላ ከተባለ ፒስተን የሚያበላሽ ነው።

አራተኛም ድምጽ ተገኘ፣ እኔ ያልነገርኳቸው። ኮረኮንች ላይ ከሥር «ቂልቂል» የሚል ነበር፤ ማርሚታው ላልቶ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ካምቢዮው ሥር ባለው ብረት ላይ የተረሳ 12 ቁጥር መፍቻ ነው። የማን እንደሆነ ባላውቅም ጥሩ መፍቻ ነው።

እንከናቸውን ልደብቅ አልፈልግም። ቀርፋፋ ናቸው። ሥራ ላይ ስልክ አያነሱም። ጋራዡ ዝርክርክ ነው፣ ተራ ይጠበቃል። በኮምፒውተር የሚነበቡ አዳዲስ መኪኖችን አይቀበሉም፣ ራሳቸው ወደ ሌላ ይልካሉ። ለቸኮለም ለአዲስ መኪናም አልጠቁማቸውም። ያረጀ ካርቡራተር ያለው መኪና ይዞ «ይውረድ» የተባለ ሰው ግን ሳያወርድ በፊት እሳቸው ጋ ይሂድ።

ስትሄዱ ድምጹ መቼ እንደሚመጣ ጽፋችሁ ያዙ፤ የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ በስልክ ቅዱት። ለማስመሰል ዘይት አትቀይሩ፣ አታወፍሩ። ነገር ግን ከበድ ያለው ማንኳኳት ጭነት ላይ የሚጠነክር ከሆነ፣ ወይም የዘይቱ መብራት አብሮ ብልጭ ካለ፣ እዚያው አጥፍታችሁ አስጎትቱ። እኔ ብሮንዚና ባለመሆኑ እድለኛ ሆንኩ እንጂ በዚያ ድምጽ ለሳምንታት መንዳቴን ጋሼ ሲሰሙ ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም።

ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። አዲሱ ጓርኒሲዮን ደጋግሞ ከሞቀና ከቀዘቀዘ በኋላ የማኒፎልዱ ዳዶዎች እንደገና መጥበቅ አለባቸው ብለዋል። መፍቻውንም እወስድላቸዋለሁ፤ የእሳቸው 12 ቁጥር ጠፍቶባቸው ሲፈልጉ ነበር።