ዋን ስቶፕ ሴንተር፦ በትዳሯ ውስጥ ጥቃት ለደረሰባት ሴት ምን ይሰጣል?

ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በየፊናቸው በሚሠሩበት አካሄድ፣ ባሏ የደበደባት ሴት በየደረሰችበት ቢሮ ገመናዋን እንደ አዲስ መናገር ስላለባት ጉዳዩን መሀል መንገድ ላይ ብትተወው አይገርምም። በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ የተከፈቱት፣ በተለምዶ «ዋን ስቶፕ» የሚባሉት ማዕከላት ዓላማ ሦስቱንም በአንድ ቦታ አሰባስቦ ይህን እንግልት ማስቀረት ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ እኔ የምገመግመው ግን የአክስቴን ልጅ ይዤ የሄድኩበትን፣ ስሙን የማልጠቅሰውን ሌላ ማዕከል ነው።

ከሁሉ በላይ ያረካኝ የሕክምና ምርመራው ነው። ነርሷ በክንዷ ላይ ያለውን ሰንበር በማስመሪያ ለክታ ርዝመቱን፣ ቀለሙንና ያረፈበትን ቦታ ጻፈች፤ የቆየውንም ጠባሳ ከአዲሱ ለይታ መዘገበች። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት የሚያስቀጣው ለማንኛውም የአካል ጉዳት በተደነገጉት አንቀጾች መሠረት በመሆኑ፣ ክሱ ከባድ ወይም ቀላል የአካል ጉዳት ተብሎ የሚለየው በአብዛኛው በዚያች የሕክምና ማስረጃ ነው። ፖሊሷም ቃሏን የተቀበለችው እዚያው በር ተዘግቶ ነበር፤ «ምን አድርገሽው ነው?» የምትለዋ የተለመደች ጥያቄ አልተነሳችም። ለሕክምናውም ሆነ ለማስረጃው ገንዘብ አልተጠየቅንም።

የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ የመጀመሪያ ጥያቄ «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?» የሚል ነበር፤ ቀጥላም ባሏ ስልኳን ይከፍት እንደሆነ ጠየቀቻት። ጥያቄዎቹ ትክክለኛ ናቸው፤ መልሱ ግን ከማዕከሉ አቅም በላይ ነው። ማደሪያ የሚገኘው እንደ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር ያሉ፣ ለብዙ ዓመታት መጠለያ በመስጠት የሠሩ ድርጅቶች ቦታ ሲኖራቸው ነው። የእኛዋ ዘመድ ስላላት ከእኔ ዘንድ አደረች፤ ከክፍለ ሀገር መጥታ በአዲስ አበባ ማንንም የማታውቅ ሴት ግን ወዴት ትሄዳለች?

ቅሬታዬ የሚጀምረው መዝገቡ ከማዕከሉ ከወጣ በኋላ ባለው ነው። በአካባቢዋ ያለ ፖሊስ ጣቢያ የተቀበለን መርማሪ ወረቀቱን ገና አንብቦ ሳይጨርስ «እህቴ፣ ልጆችም አሏችሁ፤ ሽማግሌ ብትልኩ ይሻላል» አላት። ሽምግልናን አልንቅም፤ የቆሰለችን ሴት ወደዚያው ቤት ለመመለስ ሲውል ግን አደገኛ ነው። በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 የሚሸፈነው ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስቀጣው በግል አቤቱታ በመሆኑ፣ ቤተ ዘመድ ተረባርቦ አቤቱታዋን ካስነሳት ነርሷ የለፋችበት ማስረጃ መና ይቀራል። ባልየው ወደ መኖሪያዋ እንዳይጠጋ የሚያግድ የጥበቃ ትእዛዝ በተለይ የሚደነግግ፣ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ በአገራችን የለም። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ደግሞ «ከጋብቻ ውጭ» በሚል ስለተገደበ፣ ባሏ የደፈራት ሚስት በዚያ አንቀጽ መክሰስ አትችልም፤ ይህን ጉድለት የትኛውም ሆስፒታል አይሞላውም።

ሌላው ድክመት የሥራ ሰዓቱ ነው። ዱላ በአብዛኛው በሌሊትና በበዓል ሰሞን ይብሳል፤ እኛ የሄድንበት ማዕከል ግን እንደ ማንኛውም ቢሮ ማታ ይዘጋል፤ ያኔ የምትመጣ ሴት በድንገተኛ ክፍል ከሌላው ሕመምተኛ ጋር ትሰለፋለች።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባሎቻቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ማዕከላቱ እጅግ ጥቂት ናቸው። ያም ሆኖ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄድ በፊት ቀድሞ እዚህ መድረስን እመርጣለሁ፤ ሰንበር ይደበዝዛል፣ ወሲባዊ ጥቃት ከነበረም የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የለበሰችውንም ልብስ ሳታጥብ በወረቀት ከረጢት ይዛ ብትሄድ ለማስረጃ ይጠቅማታል። ለሕግ ምክር የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነፃ አገልግሎት ይሰጣል።