ከዘይት ጀሪካን የተሠራው የእድራችን አግዳሚ ወንበር

የእድራችን ግቢ ውስጥ ስድስት የፕላስቲክ አግዳሚ ወንበሮች አሉ። አምና ግንቦት ላይ ሲገዙ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበርኩ። እዚሁ ጎንደር 30 ዓመት አናጺ ሆኜ ስለኖርኩ፣ ከቀለጠ ጀሪካን «ጣውላ» ይወጣል ሲሉኝ ሳቄ ነው የመጣው።

የድሮዎቹ የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች የእኔ የእጅ ሥራ ነበሩ። እግራቸውን የተቃጠለ ዘይት ብቀባውም ሦስት ክረምት አልዘለቁም፤ ምስጥ ጨረሳቸው። ስለዚህ አፌን ይዤ አምራቾቹ ወጣቶች ዘንድ ሄድኩ።

ቆራሌዎች የሚያመጡትን ቢጫ ጀሪካን አጥበው ይፈጩታል፤ አቅልጠው በብረት ቅርጽ ውስጥ በግፊት ያስገቡታል። አንዱ ልጅ ከተፈጨው አንድ እፍኝ ዘግኖ የውኃ ገንዳ ላይ በተነው። የጀሪካኑ ተንሳፈፈ፣ አብሮ የተቀላቀለው የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ስብርባሪ ሰመጠ። «ጋሼ፣ የሰመጠውን አንፈልገውም» አለኝ። ጀሪካኑ 130 ዲግሪ አካባቢ ሲቀልጥ ጠርሙሱ ግን 250 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ሳይቀልጥ ጣውላው ውስጥ ከቀረ በዚያው በኩል ይሰበራል። ልቤ የተመለሰው እዚያ ገንዳ አጠገብ ነው።

ሲያቀልጡት ጥቁር ዱቄት ይጨምሩበታል፤ ፀሐይ እንዳይበላው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናትና ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም፤ ነጫጮቹ የፕላስቲክ ወንበሮች እንዴት እንደሚሰነጠቁ የማያውቅ የለም። የእኛዎቹ ከአንድ ዓመት በኋላም አልሰነጠቁም። መልካቸውም ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የፋሲል ግቢ ድንጋይ አያሳፍርም። ቀትር ላይ ግን ያቃጥላሉ፤ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጣውላውን ከቱቦላሬው ብረት ጋር ያሰሩት በጠባብ ክብ ቀዳዳ፣ ብሎኑን ጥርቅም አድርገው ነው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት ብዙ እጥፍ ይለጠጣል። በየካቲት አንዱን ጣውላ ንጋት ላይ በሜትር ለካሁት፤ ቀትር ላይ ደግሜ ስለካው 6 ሚሊ ሜትር ረዝሟል። መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ጎበጠ። በዚያ ላይ የእግሮቹ ርቀት 90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መሐሉ ቀስ በቀስ ሰረጎደ። ስልክ ስንደውል «ሰው በዝቶበት ይሆናል» አሉን። የእድር ወንበር ላይ ሰው ሳይበዛ ማን ሊበዛበት ነው!

በራሴ መሰርሰሪያ ቀዳዳዎቹን ወደ ጎን አስረዘምኳቸው፣ ሰፊ ሮንዴላ አስገባሁና ብሎኑን ላላ አደረግሁት። ጉብጠቱ ጠፋ። መሐል ላይ የሚደግፍ እግር ግን እነሱው መጥተው ጨመሩ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ከሁሉም የወደድኩት ማጣበቂያ አለመኖሩን ነው። የተበላሸ ጣውላ ቢኖር በመፍቻ ፈትተን እንመልስላቸዋለን፣ እነሱም ፈጭተው እንደገና ያቀልጡታል። የእንጨት ዱቄት የተቀላቀለበት ርካሽ ዓይነትም አሳይተውኝ ነበር፤ እንጨቱና ፕላስቲኩ አንዴ አብረው ከተጋገሩ የሚለያቸው ስለሌለ እንቢ አልኩ።

ዋጋው ከባሕር ዛፉ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ያም ሆኖ ሁለት ተጨማሪ አዘናል። ቀዳዳውን የምሰረስረው ግን እኔ ነኝ፤ ውሉ ላይ አስጽፌዋለሁ።