«67 ከ66 ይበልጣል» ብለው የሸጡልኝ መብራት

ለምግብ ማቀነባበሪያ ክፍል መብራት ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህቺን አንብቡ።

ሻጩ ካርቶኑ ላይ የታተመውን «አይፒ 67» (ዕቃው አቧራና ውሃ እንዳይገባበት ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ደረጃ ነው) በጣቱ እየጠቆመ፣ «ሌላ ቦታ የሚያሳዩህ 66 ነው፤ ይሄ ይበልጣል» አለኝ። ዋጋውም ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነበር። አርባ ገዛሁ።

የማሸጊያ ክፍላችን በየሌሊቱ ይታጠባል፤ መጀመሪያ ካስቲክ (ኃይለኛ የማጽጃ ኬሚካል) ያለበት አረፋ ይረጫል፣ ከዚያ በሙቅ ውሃ በግፊት ይለቀለቃል። አራት ወር ሳይሞላ ሽፋኖቹ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ማየት ጀመርን። አንዱን አስወርጄ ስከፍተው የቆሸሸ ውሃ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ሽፋኑን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ጠርዙ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፣ በተለይ ክሊፖቹ በሚጫኑት ቦታ። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ስባሪው እጄ ላይ ቀረ። ይህ የተሰቀለው ገና ያልተከደነ ምርት በሚያልፍበት መስመር አናት ላይ ነው እንግዲህ።

ያኔ ነው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ የጀመርኩት (ሳልገዛ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ፣ አውቃለሁ)። የመጀመሪያው አሃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። 7 ማለት መብራቱ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተነክሮ ተፈትኗል ማለት ነው። 6 ግን ሌላ ፈተና ነው፦ በደቂቃ 100 ሊትር የሚተፋ ቧንቧ ይለቀቅበታል። 7ን ያለፈ 6ን አልፏል ማለት አይደለም። ሁለቱንም ያለፈ ዕቃ «66/67» ተብሎ ሁለቱም ይጻፍበታል። እኔ ደግሞ መብራቱን ኩሬ ውስጥ ልነክረው አልነበረም የገዛሁት! እንደኛ በቅርብ ርቀት በሙቅ ውሃ የምታጥቡ ከሆነ አይፒ 69ኬ የሚባለው ደረጃ ነው የሚያስፈልጋችሁ። እሱ የሚፈተነው በ80 ዲግሪ ውሃ፣ ከ80 እስከ 100 ባር በሚደርስ ግፊት፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

የባሰው ግን ኬሚካሉ ነው። የአይፒ ፈተና በንጹህ ውሃ ስለሚደረግ ስለ ማጽጃው ምንም አይነግራችሁም። የኔ ሽፋን ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነበር። ፖሊካርቦኔት ምት ይችላል፣ «አይሰበርም» ሲሉኝ አልዋሹም። ካስቲክና አሞኒያ ግን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ዋስትናውን ይዤ ስመለስ ሻጩ «በኬሚካል የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም» የምትል ደቃቅ መስመር አሳየኝ። ያቺን መስመር ሲሸጥልኝ አላሳየኝም።

የፈተናውን ሰነድ በሞዴሉ ቁጥር ጠይቁ፤ ካርቶን ላይማ ማተሚያ ያለው ሁሉ ይጽፋል። የምትጠቀሙበትን ማጽጃ ስም ይዛችሁ ሂዱና ሽፋኑም፣ ዙሪያው ያለው ጎማም እንደሚቋቋሙት በጽሑፍ ይስጧችሁ። በቃል ከሆነ አትቀበሉ። አናቱ ጠፍጣፋ የሆነውንም ተዉት፣ ቆሻሻ ይተኛበታል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ብቻ ገዝታችሁ ዋናው የማጠቢያ ቦታ ላይ ስቀሉና ጥቂት ወር ጠብቁ። እኔ በአርባ ነው የሞከርኩት።

አርባዎቹንም አውርደናል። ሽፋናቸው ገና ያልተሰነጠቀው ዘጠኙ የባዶ ካርቶን መጋዘን ውስጥ ተሰቅለዋል፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ። እዚያ ጥሩ ያበራሉ።