የደሴ ባጃጅ በኮብልስቶንና በዳገት፦ ከመሳፈር በፊት የሚታዩ ነገሮች

ደሴ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ሰፈር ለሚገባ ሰው ባጃጅን የሚተካ የለም። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ሚኒባስ መዞሪያ የሚያጣበትን ጠባብ ዳገት ባጃጅ በአንደኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣዋል። አገልግሎቱ ጥሩ ነው። መንገዱ ግን የባጃጁን ጉድለት ሁሉ ያወጣዋል።

መኪና ጉድጓድ ሲገጥመው በሁለት ጎማዎቹ መሃል አሳልፎት ይሄዳል። ባጃጅ ግን የኋላ ጎማዎቹን ቢያድን ብቸኛው የፊት ጎማ እመሃሉ ላይ ይወድቃል። ቸርኬው ደግሞ 8 ኢንች ብቻ ነው። አንድ ኮብልስቶን ሲነቀል የሚቀረው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ለአውቶቡስ ምንም አይደለም፤ የባጃጅን መሪ ግን ከሾፌሩ እጅ ይነጥቃል። ድንጋዩ የሚነቀለው በክብደት ብቻ አይደለም። የሚደረደረው አሸዋ ላይ ነው፤ የጎን ቦዩ በቆሻሻ ሲደፈን የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ በመንገዱ ላይ ይወርድና አሸዋውን ከሥር ይጠርገዋል። መጀመሪያ አንዱ ይላላል፣ ከዚያ ይሰምጣል፣ ቀጥሎ አጠገቡ ያለውም ደጋፊ አጥቶ ይነቀላል። ቦዩን ሳይጠርጉ ድንጋይ መልሶ መደርደር ከንቱ ድካም ነው።

ከመግባትዎ በፊት የኋላውን ጥግ በእጅዎ ጫን አድርገው ይልቀቁት። አንዴ ተነሥቶ ከረጋ ዝላዩን የሚያበርደው አሞርዛተር ደህና ነው። ደጋግሞ ከዘለለ ግን የሚሠራው ሞላው ብቻ ነው፤ ወገብዎ ይከፍላል። ጎማውንም ይዩት፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ይንሸራተታል። ከኋላ ሦስት ሰው ልኩ ነው። ሾፌሩ ጎን አራተኛ ሰው ከተቀመጠ መሪው እንደ ልብ አይዞርም፤ እንዲህ ያለውን ቢያሳልፉት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ቁልቁለት ላይ ፎሌ አስገብቶ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ መውረድ ነው። ለነዳጅ ቁጠባ ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ጭነቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፍና የፍሬኑ ሸራ ሲግል መያዝ ያቆማል። «ወንድሜ፣ በማርሽ ውረድልኝ» ማለት ነውር የለውም።

አድራሻ አያሳስብም። ሸዋ በር፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሙጋድ ብሎ የሰፈሩን ስም መጥራት ይበቃል። በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆነው የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የግብር አዳራሽ ለማየት ወደ አይጠየፍ የሚወጣ እንግዳ ኮንትራት ይያዝ፤ ሾፌሩ ሌላ ተሳፋሪ ለመጫን ስለማይቸኩል ዳገቱን በዝግታ ይወጣል፣ ከተማዋም ከሥር እየተገለጠች ትመጣለች። ዋጋውን ግን ሳይነሡ ይጨርሱ፤ መመለሻውንም አብረው ይነጋገሩ።

ኮምቦልቻ ለመውረድ ሚኒባስ ይሻላል። በመካከል ያለው ሀረጎ ከ500 ሜትር በላይ የሚወርድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ ከባድ መኪናም ይበዛበታል።

ከሰኞ ገበያ እንቁላል ወይም ብርጭቆ የገዛ ሰው ዕቃውን ወለሉ ላይ አያስቀምጥ፤ ጭኑ ላይ ይያዘው።